«እሱ መቼ ሮጦ ያውቃል?»፦ ለሞተ ወዳጅ ማራቶን ልትሮጡ ላሰባችሁ

ጓደኛዬ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጎንደር ላይ አረፈ። መርዶው የደረሰኝ ጀርመን አገር፣ ከሥራ ስመለስ፣ ባቡር ውስጥ ቆሜ ነው። ቀብሩ በማግሥቱ ነበርና አልደረስሁም። ሰልስቱም አለፈኝ። ወር ሳይሞላው ለበርሊን ማራቶን ተመዘገብሁ፤ ዕጣው ወጣልኝ። ዕድሜዬ ያኔ 46 ነበር፣ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ሮጬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ «እኔም ለወንድሜ፣ ለአብሮ አደጌ ልሮጥ ነው፤ ምን ትመክረኛለህ?» የሚሉ ይደውሉልኛል። ስለ ጫማ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «ለቤተሰቡ ነግራችኋል ወይ?» ብዬ ነው።

እኔ አልነገርሁም ነበር። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍሁና በስሙ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመርሁ። የእኛ ሰው በሞት ነገር እጁ አይሰስትም፤ በሁለት ሳምንት ከ3,000 ዩሮ በላይ ተዋጣ። እናቱ ወሬውን የሰሙት ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ለመንፈቁ ጎንደር ገባሁ። ቡናው እየተፈላ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ቀና ብለው አዩኝና «በልጄ ስም ለመንህ?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። «እማማ፣ ለመታሰቢያው ብዬ ነው እኮ፤ 42 ኪሎ ሜትር ልሮጥለት ነው» አልሁ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እሱ መቼ ሮጦ ያውቃል?» አሉ። ቤቱ ሳቀ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። ጓደኛዬ ዝናብ ሲይዘው እንኳ እርምጃውን የማይቀይር ሰው ነበር። ፋሲል ከነማ ሲጫወት ከመቀመጫው የሚነሣው ጎል ሲገባ ብቻ ነው። ሩጫውን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ ሳልደርስ የቀረሁበት ነገር እግሬን አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። እናንተም እንዲህ ከሆናችሁ ነውር የለበትም፤ ሩጡ። ነገር ግን ሩጫው ለቅሶ መድረስን ይተካል ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። አርባው ቢያመልጣችሁ ለሰማንያው፣ ሰማንያው ቢያመልጣችሁ ለመንፈቁ ወይም ለሙት ዓመቱ ሂዱና ከሰው ጋር ተቀመጡ። የአውሮፕላን ትኬቱንና የማራቶኑን ወጪ አንድ ላይ መቻል ካልቻላችሁ፣ ማራቶኑ ለሌላ ዓመት ይቆይ።

ገንዘቡን ምን እናድርገው ብዬ ስጠይቃቸው፣ እናቱ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። «የእድሩ ድንኳን ተቀዳዷል። እሱ የሞተ ጊዜ ፀሐይ ሲወርድብን ነው የዋልነው» አሉ። ለእድሩ ዳኛ ሰጠን፤ ድንኳን ተገዛ፣ በተረፈው የፕላስቲክ ወንበር። እኔ ስኮላርሺፕ ምናምን እያልሁ ነበር የማስበው። ቤተሰቡ የሚፈልገውን ከውጭ ሆኖ መገመት ከባድ ነው። ፎቶና ስም ማውጣትም እንዲሁ ነው፤ ስሙን እዚህ ያልጻፍሁት እናቱ ስላልወደዱት ነው።

ወደ እግሩ ልምጣ። እዚያው ጎንደር ሳለሁ፣ የአገሬ አየር ነው ብዬ፣ አንድ ማለዳ ከአዘዞ ተነሥቼ ፒያሳ ልደርስ አሰብሁ። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ ሆነን ያን መንገድ እንደ መንገድ አንቆጥረውም ነበር። ግማሹን ሳልጨርስ ባጃጅ ያዝሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ደም ከዚህ ጋር እስኪላመድ ሳምንታት ይፈልጋል። በውጭ አገር የለመዳችሁትን ፍጥነት እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አትሞክሩት፤ መራመድ ይበቃል። የፋሲል ግንብን አጥር ብትዞሩ እንኳ ጥሩ ነው፤ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ስለሆነ 47 ጊዜ የዞረ ማራቶን ጨረሰ ማለት ነው። (አንድ ሽማግሌ ሦስተኛ ዙሬ ላይ «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» ብለውኛል።) ጎሕ ሳይቀድ አትውጡ፣ ውሻው አያስኬድም። ከከተማው ርቃችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ የዚያኑ ዕለት የአገሩን ሰው ጠይቁ።

ዋናውን ልምምድ ከግንቦት ልደታ ወዲህ ጀርመን ተመልሼ ጀመርሁ፤ 20 ሳምንት ገደማ። ለጀማሪ ከዚህ ባያንስ ይሻላል። ሐዘን ያለበት ሰው አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ፈጥኖ ይሮጣል። እሱን ሳስብ እግሬ ይፈጥናል፣ እንባም ይመጣል፣ ለካ ጅማቴን እየጎዳሁት ነው። ሁለት ሳምንት አስተኛኝ። ከጎናችሁ ላለ ሰው ወሬ እያወራችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ቀንሱ። በሳምንት አንድ ቀን ረዥም ሩጫ ይኑራችሁ፣ ቀስ በቀስ እስከ 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር አድርሱት። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ደግሞ እየቀነሳችሁ እረፉ።

ጾሙን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። በርሊን መስከረም ላይ ስለሚሮጥ የልምምዱ ከባድ ሳምንታት ከፍልሰታ ጋር ይገጥማሉ። እኔ የነፍስ አባቴን አማከርሁ፣ እናንተም አማክሩ። ረዥሙን ሩጫ ቅዳሜ አደረግሁት፤ ቅዳሜና እሑድ ከእህል ውኃ ተከልክሎ መዋል የለምና። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራና ተልባ እግር ያቆማሉ። ከሁሉ በላይ ግን በሶ። ከጎንደር ስመለስ ሻንጣዬ ግማሹ በሶ ነበር። ፊደል ስንቆጥር «አበበ በሶ በላ» እያልን ያደግን ሰዎች በውድ ዋጋ የሚሸጥ የስፖርት ዱቄት ስንገዛ ይገርመኛል። አበበ ካልሁ አይቀር፦ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በባዶ እግሩ መሮጡን ግን ለእሱ ተዉለት፤ ጫማ ግዙ፣ ከምትለብሱት በግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ።

ውድድሩ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ፎቶውን ደረቴ ላይ አላደረግሁም፤ የፋሲል ከነማን ማሊያ ለበስሁ። ስሕተቴ ማሊያውን ለብሼ ረዥም ልምምድ ሳላደርግ መቅረቴ ነው፤ ጨርቁ ጡቴን ፈግፍጎ አደማው። ቫዝሊን አትርሱ፣ ለውድድሩ ቀንም ምንም አዲስ ነገር አታስቀምጡ።

እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር «ይህማ ቀላል ነው» ስል ነበር። ከዚያ ሰውነት ያከማቸው ስኳር አለቀ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። በየ40 ደቂቃው ስኳር ያለው ነገር ትንሽ ትንሽ መውሰድ ነበረብኝ፤ እኔ ውኃውን ብቻ እጠጣ ነበር። ውኃም ቢሆን ከጥማት በላይ ከጠጡት የደምን ጨው አቅጥኖ ሊያሳምም ይችላል፤ ይህን ልብ በሉ። የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች በከፊል በእግር ሄድሁ። 37ኛው ላይ ይመስለኛል፣ ባንዲራ የለበሰች ልጅ ማሊያዬን አይታ፣ በቡድኑ ቅጽል ስም «አይዞህ አፄው! ትዕግሥት ሰብራዋለች!» ብላ ጮኸች። ለካ እኔ ግማሹን መንገድ ሳልደርስ ትዕግሥት አሰፋ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ፣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ዝቅ አድርጋዋለች። እኔ 4 ሰዓት ከ51 ፈጀብኝ።

የብራንደንቡርግን በር አልፌ ስጨርስ ትልቅ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ብርድ ብቻ ተሰማኝ። አንድ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁና ጎንደር ደወልሁ።

«እማማ፣ ጨረስሁ።»

«ገባህ? እሰይ። ሰው አለ ካንተ ጋር?»

«የለም፣ ብቻዬን ነኝ።»

«እግርህን በሙቅ ውኃ ታጠብህ?»

«ገና ነኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ።»

«በል ተነሥ፤ ቤትህ ግባና ታጠብ። ከዚያ ትደውልልኛለህ።»