ተጭኖ የማይከፈተው ፓኬጅ

ጥያቄ፦ በሲ ቋንቋ የጻፍኩትን አነስተኛ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም በላፕቶፔ ላይ የዴቢያን (የሊኑክስ ሲስተም ዓይነት) ፓኬጅ፣ ማለትም የመጫኛ ፋይል፣ አድርጌ ለጓደኛዬ ሰጠሁት፤ የእሱ ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ግን አልጭንም አለ። በመግለጫ ፋይሉ ውስጥ «አርክቴክቸር» (የፕሮሰሰር ዓይነት) በሚለው መስመር ላይ የነበረውን የላፕቶፔን ዓይነት «ኤኤምዲ64» በ«ኦል» ብተካው ተጫነ፤ ሲከፍተው ግን የፋይሉን ዓይነት አላውቀውም ብሎ ይመልሰዋል። ለሁለቱም የሚሆን ፓኬጅ እንዴት ልሥራ?

መልስ፦ «ኦል» የሚባለው ይዘቱ በየትኛውም ፕሮሰሰር ላይ አንድ ዓይነት ለሆነ ፓኬጅ፣ ማለትም ለሰነድ፣ ለፎንት ወይም ሙሉ በሙሉ በፓይተን ለተጻፈ ፕሮግራም ነው። በእርስዎ ፓኬጅ ውስጥ ያለው ለላፕቶፕዎ ፕሮሰሰር ኮምፓይል የተደረገ (ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠ) ኮድ ስለሆነ፣ ቃሉን መቀየር ክልከላውን ያነሣል እንጂ ኮዱን አይለውጠውም። በመስመሩ ላይ መግባት ያለበት «ኤኒ» ነው፤ ትርጉሙም ከአንዱ ምንጭ ኮድ ለእያንዳንዱ አርክቴክቸር የየራሱ ፓኬጅ ይገንባ ማለት ነው። ስለዚህ በመጨረሻ የሚኖርዎት ሁለት ፓኬጅ ነው።

ቀጥሎ የግንባታ ስክሪፕትዎን ይፈትሹ። ከዴቢያን 7 (እ.ኤ.አ. 2013) ወዲህ ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ኮዶች) በየአርክቴክቸሩ በተሰየመ ፎልደር ስለሚቀመጡ፣ የላፕቶፕዎን ፎልደር ስም በእጅ ጽፈውት ከሆነ ግንባታው በፓዩ ላይ ይሰናከላል፤ ስሙን «ዲፒኬጂ-አርክቴክቸር» ከሚባለው መሣሪያ ይቀበሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ያለ እንከን ተገንብቶ ሲሠራ የሚሳሳት ኮድ ነው። እኔን ሁለት ሌሊት የፈጀብኝን ልንገርዎ። «ጌትቻር» በሚባለው የሲ ትእዛዝ አንድ በአንድ የሚነበበውን ፊደል «ቻር» (ትንሹ የቁጥር ዓይነት) በሆነ ቫሪያብል እያስቀመጠ፣ ፋይሉ ሲያልቅ የሚመጣውን -1 የሚጠብቅ ሉፕ (ተደጋግሞ የሚሠራ ትእዛዝ) ነበረኝ። በላፕቶፔ ላይ «ቻር» አሉታዊ ቁጥር ይይዛልና በደንብ ሠራ፤ ኤአርኤም በሚባለው የራስበሪ ፓይ ፕሮሰሰር ዓይነት ሊኑክስ ላይ ግን አይይዝምና -1 ወደ 255 ተለወጠ፣ ሉፑም ማብቂያ አጣ። ቫሪያብሉን «ኢንት» (ሰፋ ያለና አሉታዊም የሚይዝ የቁጥር ዓይነት) ሳደርገው ተስተካከለ። የእርስዎም ፕሮግራም ፋይል የሚያነብ ነውና ይህን ቦታ ደግመው ይዩት።

በላፕቶፕዎ ላይ ሆነው ለኤአርኤም ኮምፓይል ማድረግ ይቻላል፣ ፈጣንም ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ስሕተት የሚገለጠው ፕሮግራሙ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ምንጭ ኮዱን ወስደው እዚያው ፓዩ ላይ ቢገነቡትና ቢሞክሩት እመርጣለሁ። የጓደኛዎ ሲስተም ባለ 32 ቢት ይሁን ባለ 64 ቢት አስቀድመው ይጠይቁት፤ «ኤአርኤምኤችኤፍ» (ባለ 32 ቢት) እና «ኤአርኤም64» (ባለ 64 ቢት) የተለያዩ አርክቴክቸሮች ናቸውና።