የጫካ አየርና አረጋውያን፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን አዛውንቶች ጋር ጫካ እንወጣለን። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ መጣ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ ደም ግፊት አለባቸው። ጫካ መሄድ ግፊት ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ መሠረት አለው። ጃፓኖች "ሺንሪን ዮኩ" ይሉታል። በጫካ መታጠብ እንደ ማለት ነው፤ መታጠቡ ግን በውኃ ሳይሆን በአየሩ፣ በመዓዛውና በድምፁ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው የአገሪቱ የደን መሥሪያ ቤት ነው። በኋላ ተመራማሪዎች በ24 ጫካዎች ሰው አስገብተው ለኩ። ከከተማው ይልቅ ጫካ ውስጥ የልብ ምቱም፣ ግፊቱም፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ግን እነዚያ የተለኩት ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። ለአባትህ የሚቀርበው ቻይና ውስጥ የተሠራው ጥናት ነው። ከ60 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው 24 የግፊት ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ 7 ቀን ጫካ ሰነበቱ፣ ገሚሶቹ ከተማ። ጫካ የሰነበቱት ግፊታቸው ቀነሰ። ሃያ አራት ሰው ጥቂት ነው፣ ሰባት ቀንም አጭር ነው። ስለዚህ አደራ፣ ኪኒናቸውን እንዳያቆሙ። "ጫካው ተሻለኝ" ብለው መድኃኒት ትተው የወደቁ ሰዎችን በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ይበቃል?

መልስ፦ እንግሊዝ አገር ወደ 20,000 ሰዎች ተጠይቀው፣ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ መሃል የሚያሳልፉት ጤናቸው ደህና መሆኑን በብዛት ተናግረዋል። በአንድ ቀንም ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። ጤነኛ ሰው ቀድሞውኑ ስለሚወጣ ሊሆንም ይችላል። ቢሆንም ሁለት ሰዓት ጥሩ መነሻ ነው። ለደከመ ሰው በ15 ደቂቃ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ እናቴን እንጦጦ ፓርክ ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ልባቸው ትንሽ ያስቸግራቸዋል።

መልስ፦ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቂ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ጤነኛውም ዳገቱ ላይ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ደረት ከያዛቸው፣ ካጥወለወላቸው ወይም ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ካጠራቸው ጉዞው እዚያው ያብቃ፤ ቀጥታ ወደ ሕክምና ውሰጃቸው።

ደግሞስ ለምን ሩቅ ትሄዳላችሁ? በሰፈራችሁ ደብር ቅጥር ውስጥ ጥድና ወይራ አይጠፋም። ሜዳ ነው፣ መቀመጫ አለ፣ የሚያውቃቸው ሰው አለ። እማማ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ ለእኔ ከአንድ ቀን ሽርሽር ይበልጣል፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ ይደገማል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፍና አገር በቀል ጫካ እኩል ነው?

መልስ፦ ለእግር ጉዞ ሁለቱም ይሆናሉ። እኔ የማዳላው ለአገር በቀሉ ነው። መናገሻ ሱባን ያየ ይገባዋል፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን ዘር መጥቶ ተተከለ የሚባልለት የጥድ ጫካ ነው። ጥላው ወፍራም፣ ወፉ ብዙ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ የረገፈው ቅጠልና ፍሬ ያንሸራትታል። አረጋዊ ሰው የዳሌ አጥንቱ ከተሰበረ ብዙ ነገር ይከተላል፤ ስለዚህ ከዘራ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ትዕግሥት።

ጥያቄ፦ አያቴ መርሳት ጀምረዋል። ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ መርሳትን ያድናል አልልም። አብረውን የሚወጡ አንዲት እናት ግን አሉ። ስሜን በየሳምንቱ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን የወይራ ቅጠል ቆርጬ ሰጠኋቸው። አሸተቱት፣ ከዚያ የወተት ዕቃ እንዴት እንደሚታጠን፣ እንጨቱ እርጥብ ሲሆንና ሲደርቅ ጭሱ እንዴት እንደሚለያይ ያለማቋረጥ አስረዱን። ልጃቸው አለቀሰች። አያትህን ይዘህ ውጣ፣ እጃቸውን ግን አትልቀቅ። ዛፍ መሃል አቅጣጫ ቶሎ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ መንገድ ላይ እቸገራለሁ።

መልስ፦ አይፈሩ ጋሼ፣ ብዙ ሰው ያፍርና ቤቱ ይቀራል። የመዋጫውን ሰዓት ሐኪምዎ ያስተካክልልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። መጸዳጃ ያለበት ቦታ እንምረጥ። ውኃ መጠጣት ግን አይተዉ። ከተቀመጡበትም ቀስ ብለው ይነሡ፣ ያዞራል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ መጥታ አፓርታማ ውስጥ ተዘግታ ትውላለች። ጫካው ቅርብ ነው፣ እሷ ግን ትፈራለች።

መልስ፦ ብቻዋን አትላኪያት። ቋንቋ በማታውቅበት አገር ጫካ ያስፈራል። አንድ የአገሯ ሰው ፈልጊ፣ ሁለቱ ሲያወጉ ይራመዳሉ። ለእኔ ግማሹ መድኃኒት ወጉ ነው። እዚያ አካባቢ ደግሞ ላይም የሚባል በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ። ረጅም ካልሲና ሱሪ ትልበስ፣ ከመንገዱ ወጥታ ሣር ውስጥ አትግባ። ቤት ስትመለሱ ከጉልበቷ ጀርባ፣ ብብቷንና ከጆሮዋ ኋላ ፈትሺላት። ከተገኘ በወረንጦ ሥሩን ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ካየሽ ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ መዥገር እንደነከሳትም ንገሪው።