የተወጋ የማይረሳው ምኑን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን መጽሐፍ የምናነብ ሰባት ሰዎች ነን። ባለፈው ወር ያነበብነው ወደ አማርኛ የተመለሰ ምናባዊ ልብ ወለድ ነው። አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ በ12 ዓመቷ አስማት ልትማር ትገባለች፤ እንደ ወንድም የምታየው አብሮ አደጓ በ16 ዓመቷ ለጠላት አሳልፎ ይሰጣታል፤ ከእስር ስታመልጥ እርሱን ለመበቀል ትነሣለች። አስማት በሠራች ቁጥር ግን አንድ ትዝታ ከአእምሮዋ ይጠፋል። ከመካከላችን አንዱ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ተንዛዝተዋል ይላል። ሌላዋ ልጅቱ ባለጋራዋን አግኝታ ሳትገድለው መመለሷ አንባቢን ማታለል ነው ትላለች። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ መምህር ደግሞ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እያሉ ደራሲው የሰውን ጠባይ አላወቀውም ሲሉ ይከራከራሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ? የ14 ዓመት እህቴ ብታነበውስ ቂም ያስተምራት ይሆን? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ መጽሐፉን እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ መንዛዛቱን በተመለከተ ግን ከወዳጅዎ ጋር አልስማማም። ክህደት የሚያመው ቀድሞ መታመን ሲኖር ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች ክረምቱን ሙሉ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ፊደል ሲቆጥሩ የሚያሳዩት ገጾች ቢወጡ፣ ክህደቱ ስለማናውቀው ሰው እንደሚነገር ወሬ ይሆንብን ነበር። የደሴን ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን ሲሸፍን ያሳለፈ ሰው፣ ልጅነት በእንዲህ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር እንዴት እንደሚያስተሳስር ያውቀዋል።

መምህሩ የጠቀሱት ምሳሌያዊ አነጋገር እውነት ነው፤ ደራሲው ግን የሚክደው አይመስለኝም፤ ይልቁንም ወደፊት ገፍቶ የተወጋው ሌላውን ነገር ሁሉ ረስቶ መወጋቱን ብቻ ቢያስታውስ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። ልጅቱ ወደ ባለጋራዋ በቀረበች ቁጥር የእናቷን እሹሩሩ፣ የመንደሯን ስም፣ የመምህሯን ፊት እየከፈለች ትሄዳለች። በመጨረሻው ምዕራፍ የቀራት አንድ መልካም ትዝታ ያ ጋቢ ነው፤ ልትገድለው ብትነሣ አስማቱ የሚወስድባት ያንኑ ትዝታ ነው። ስለዚህ መመለሷን እንደ ይቅርታ አላነበብኩትም። የቀረቻትን አንዲት ነገር ለእርሱ ሞት ልትከፍል አልፈለገችም።

ሆኖም ሌላዋ አንባቢ አንድ ነገር ጎድሏል ብለው መሰማታቸው ትክክል ነው፤ የጎደለው ግን መግደሉ አይመስለኝም። በወሎ ገጠር አበጋሮች የሚባሉ አስታራቂዎች ደም የተቃቡ ወገኖችን ሲያስታርቁ «ደም ማድረቅ» የሚባለው ሥርዓት የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ ዘመድ አዝማድ ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው ጥፋቱን በሽማግሌዎች ፊት ያምናል፣ ካሳ ይቆረጣል። በልብ ወለዱ ግን ሁለቱ የሚገናኙት ሰው በሌለበት ምሽግ ውስጥ ነው፤ ከዳተኛው የሠራውን ለማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይሰማው ይቀራል። ቂምም ሆነ እርቅ የቤተ ዘመድ ነገር በሆነበት አገር ያደግን እኛ በዚህ መከፋታችን አይቀርም፤ እኔም የመጽሐፉ ትልቁ ድካም ይህ ነው እላለሁ።

እህትዎ ታንብበው። የእስር ቤቱ ምዕራፍ ከባድ ስለሆነ አስቀድመው እርስዎ ቢያነቡት፣ ከዚያም አብረው ቢወያዩበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለው የወጣቶች ጀብድና በቀል ታሪክ ከውጭ የመጣብን ነው ወይስ በእኛም ሥነ ጽሑፍ ነበረ? (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አስማቱና ጀብዱ በተረቶቻችን ሞልቷል። በልብ ወለድ ረገድ ደግሞ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ ወጣቶች ከቤት ወጥተው በመከራ የሚያልፉበት ታሪክ ነው፤ ልጅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። በአማርኛ «ብድር መመለስ» ስንል በቀልንም ውለታንም ማለታችን ነው። ከደሴ የጻፉልን አንባቢ የነገሩን ልጅ ለመጀመሪያው ብድር ስትነሣ፣ የጦቢያ ወንድም ዋህድ ግን ከቤት የሚወጣው አባቱ ከምርኮ እንዲለቀቅ ገንዘብ የሰጠውን ነጋዴ ፍለጋ ነው። የደሴዎቹ አንባቢዎች በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነቧቸው፣ የደረሱበትን ለማወቅ በጣም እጓጓለሁ።