ፒስተኑ እጅህ ሳይገባ ብሎኩ አይነካ

«ጋሼ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ቶዮታ ዲኤክስ አለችኝ፣ ሞተሯ 4ኬ ነው። ዘይት ትበላለች፣ የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያለቀሰች ነው የምትወጣው። ሞተሩን ላወርደው ነው። ካወረድኩት አይቀር ሲሊንደሩ በ1 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ተልጎ ጉልበት እንዲጨምር እፈልጋለሁ። ቶርኖ ቤት ብጠይቅ ‹ሲሊንደሮቹ ያሉበትን ብሎክ ዛሬውኑ አምጣው› አሉኝ። ልውሰድላቸው?»

ውሰደው፤ ግን ለልኬት ብቻ። ለክተው ይመልሱልህ።

መጀመሪያ ስለዚያች 1 ሚሊ ሜትር። የ4ኬ ሲሊንደር ስፋቱ 75 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፒስተኑ ምልልስ 73። አራቱ ሲደመሩ 1,290 ሲሲ። በ1 ሚሊ ሜትር ስታሰፋው 1,325 አካባቢ ይሆናል። ያገኘኸው 35 ሲሲ፣ ግማሽ ሲኒ ቡና ነው። በዚህ እንጦጦ አይወጣም። ሪቦር፣ ማለትም ሲሊንደር ማስፋት፣ የተበላ ሲሊንደር ማስተካከያ እንጂ የጉልበት መድኃኒት አይደለም። በ0.5 ሚሊ ሜትር ከጸዳ በ0.5 ይብቃው። ነዳጅ የሚጠቀም መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏልና፣ የተረፈው ግድግዳ ለሚቀጥለው እድሳት ያስፈልግሃል።

ሲሲ ካልክ 5ኬ የሚባለውን ሞተር ፈልግ። ምልልሱ ያው 73 ነው፣ ሲሊንደሩ ግን 80.5፤ 1,486 ሲሲ ይሰጥሃል። ሶማሌ ተራ ስትጠይቅ ግን ሊብሬህ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር እንደሚቀየር አትርሳ። ወረቀቱን ሳትጨርስ ገንዘብ አትክፈል፤ ኋላ ቦሎ ላይ ትጉላላለህ።

በ4ኬው ከቀጠልክ ጉልበቱ ያለው ቴስታታው ላይ ነው። እኛ አካባቢ አየሩ ስስ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ሞተርህ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ስለዚህ ቴስታታውን አስልገህ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም አየርና ነዳጁ የሚታመቅበትን ልክ፣ ትንሽ ብታነሳ እዚህ ይሸከመዋል። ችግሩ ስትወርድ ነው። መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ሙቀቱም አለ። እዚያ ሰው ጭነህ ጋዝ ስትረግጥ «ከር ከር» ካለ ፒስተኑ እየተቀጠቀጠ ነው። አዳማና መተሐራ የምትመላለስ ከሆነ ረጋ በል።

ታዲያ ስንት ይላግ? በዓይን አይወሰንም። አንድ ሲሊንደር 322 ሲሲ ገደማ ነው። ኮምፕሬሽኑ 9 ለ 1 ከሆነ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚቀረው ክፍተት 40 ሲሲ ያህል ነው፤ 10 ለ 1 እንዲሆን ወደ 36 መውረድ አለበት። አራት ሲሲ ላይ ነው የምንጫወተው! ቴስታታውን ገልብጠህ አስቀምጥ። ቫልቮቹና ካንዴላው ይግቡ። በየሲሊንደሩ አናት የሚገጥመውን ጓዳ ጠርዙን ግሪስ ቀባና ቀዳዳ ያለው ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ክደንበት። ከፋርማሲ በገዛኸው ሲሪንጅ ላምባ በቀዳዳው እየጨመርክ ቁጠር። አረፋ እንዳይቀር ትንሽ አዘንብለው። አራቱንም ጓዳዎች ለካ። አራቱ እኩል ካልሆኑ ከመላጉ በፊት እነሱን ማስተካከል ይቀድማል። የጓርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ውፍረትና ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ያለው ርቀትም ስሌቱ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ወደ ቶርኖ ቤቱ። የሲሊንደሩ ልኬት ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ ይወሰድ። ቁጥሩን በወረቀት ተቀበል። ከዚያ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበቶች) ግዛ፤ አራቱንም ፒስተኖች ይዘህ ሂድና እያንዳንዱ ሲሊንደር በራሱ ፒስተን ልክ ይሠራ። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። ከዓመታት በፊት «0.5 ያው 0.5 ነው» ብዬ ፒስተኑ ሳይመጣ ብሎክ አሠራሁ። ፒስተኑ ሲመጣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ያለው ክፍተት ከሚፈለገው ሦስት እጥፍ ሆኖ አረፈው። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት እስኪሞቅ እንደ ሙቀጫ ይወቅጥ ነበር። ደንበኛው ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ነው የገደለኝ። በራሴ ኪስ ደገምኩት።

መብራት ከሄደ ምን እንደሚያደርጉም ጠይቃቸው። ማሽኑ መሃል ላይ ቆሞ በማግስቱ የተቀጠለ ሲሊንደር አይቻለሁ፤ የቆመበት ቦታ በጥፍር ይታወቃል።

ብሎኩ ሲመለስ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠበው። ከዚያ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ሲሊንደሩ ውስጥ አሽከርክር። ጨርቁ ከጠቆረ እንደገና እጠብ። ሲሊንደሩ ከተለሰለሰበት ድንጋይ የቀረችው ዱቄት ፋሻህን በወራት ትጨርሰዋለች።

ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ለጊዜው አትንካው። ለውድድር የተሠራ ካም ከታች ጉልበት ያሳጣሃል፤ አንተ ደግሞ ግማሽ ቀን የመኪና ሰልፍ ውስጥ ነህ።

ላምባው በእያንዳንዱ ጓዳ ስንት ሲሲ እንደያዘ ጻፍልኝ። ስንት እንደሚላግ ያኔ እነግርሃለሁ።