በኪሱ ክር ይዞ የሚዞር ሻጭ

በሽያጭ ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የአንድ የሥራ ባልደረባዬን የአርባ ቀን መታሰቢያ አድርገን ተመለስን። ስሙን አልጽፍም፤ ሰው ፊት ሲያመሰግኑት አንገቱን የሚደፋ ሰው ነበርና ያንን ልማዱን ላከብርለት እፈልጋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጋሼ እያልኩት ኖሬያለሁ፣ እዚህም ጋሼ ይባል።

በ1984 ዓ.ም. ጎንደር ፒያሳ ውስጥ በአንድ የጨርቅ አከፋፋይ ድርጅት በሻጭነት ስቀጠር የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ጋሼ ሠላሳ ሞልቶት ነበር፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ሥራ እንዲያስለምደኝ ለእሱ ተሰጠሁ። ሰኞ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ተገናኘን፤ የናሙናውን ሻንጣ አስጭነን፣ በዚያ ጠጠር መንገድ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፈን ደባርቅ ስንደርስ መሽቶ ነበር። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጅ ነበር።

በማግስቱ አንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ ገባን። ሴትዮዋ አንዱን ጣቃ ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ጥጥ ነው?» አለች። እኔ «አዎ» ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር መዞ ክብሪት ጫረ። ክሩ ቀለጠና ጫፉ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች ጠጣር ጥቁር ጠብታ ሆነ። ከሌላው ጣቃ መዝዞ ደግሞ ለኮሰ፤ ይኼኛው ወረቀት ወረቀት ሸተተ፣ አመዱም በጣቱ ሲነካው በነነ። «ይኼ ጥጥ ነው፤ ሳትነክሪ እንዳትቆርጪው፣ ይሰበሰብብሻል። ያኛው ድብልቅ ነው፤ አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለብርድ ግን አይሆንም» አላት። ሁለቱንም ገዛች። ከዚያ በኋላ እኔ ብቻዬን ስሄድ እንኳ ክብሪት አላስጫረችኝም።

ማታ ማደሪያችን ገብተን ኮቱን ሲያወልቅ ከደረት ኪሱ ሁለት ነጭ ክሮች ወደቁ። አንዱ አንድ ቋጠሮ፣ ሌላው ሁለት ቋጠሮ አለው። የናሙና ክር መስሎኝ አንስቼ ሰጠሁት። «የልጆቼ እግር ነው» አለኝ። እሑድ ማታ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ይለካቸዋል፤ ዓርብ ከአውቶቡስ እንደወረደ ቤቱ ሳይገባ ጫማ ቤት ይሄዳል። ክሩን ጫማው ውስጥ ዘርግቶ፣ ከፊት አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ካልተረፈ አይገዛም። ሁልጊዜ ገንዘብ ስለማይኖረው አንዳንዴ ክሩ ሁለት ወር ኪሱ ይቀመጣል፤ ያኔ ደግሞ እንደገና ይለካል፣ እግር ያድጋልና።

ጨርቅ መሸጥ በአንድ ዓመት ለመድኩ። ያን ክር ግን ለመያዝ አልቸኮልኩም፤ ይኼን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ጎንደር ላይ ጨርቅ የሸጠ ሰው ያህል የሚያውቀው የለም። የዓመቱ ገበያችን በታኅሣሥና በጥር መጀመሪያ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ልጄ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ አሳይሃለሁ፣ ከቀሃ ወንዝ የተሞላውንም ውኃ ታያለህ ብዬ ቃል ገባሁለት። ጥር 10 ቀን ሰባት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ሜትሩን ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስገባ። ደንበኞቹ ተሰልፈዋል፣ የአለቃችን ፊት ጠቁሯል። «ልጆቼ ይጠብቁኛል» ብሎ ወጣ። እኔ ቀረሁ። የእሱንም ደንበኞች ጨምሬ ሸጥኩ፤ በዚያ ወር ኮሚሽኔ ከሁሉም በላጭ ሆነ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ ስገባ ልጄ አዲሱን ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጫማውን እንዳደረገ በሩ ሥር ተኝቷል። ጫማውን ሳወልቅለት ተረከዙ ተልጦ ነበር። በግምት ነበር የገዛሁለት።

እናንተ ዛሬ በስልክ ትሸጣላችሁ፣ ደንበኛ በእኩለ ሌሊትም ይደውልላችኋል። ለማታውቁት ሰው ሦስት ጊዜ በትሕትና መልሳችሁ፣ ቤት ስትገቡ ሚስታችሁ አንድ ነገር ስትጠይቃችሁ ከተቆጣችሁ፣ ያ የእኔ መንገድ ነው፤ ወዴት እንደሚያደርስ ሄጄበት አውቃለሁ። ልጄ አድጎ አዲስ አበባ ሥራ ያዘ፤ ሲደውል ከእናቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ያወራል፣ ለእኔ «ደህና ነህ?» ይለኛል። የጋሼ ልጆች ግን በመጨረሻው ሕመሙ ተራ ገብተው አስታመሙት፤ ታናሽየዋ ጥፍሩን ስትቆርጥለት አይቻለሁ።

ስለ ገንዘብም ዝም ብዬ አላልፍም፣ በኮሚሽን የምትሠሩ ብዙ ናችሁና። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ የወጣለት በ2003 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የሚታሰበው ግን በመደበኛው ደመወዝ ነው፤ ኮሚሽን አይገባበትም። ጋሼ ይኼን ገና በጠዋቱ ተረድቶ የጥምቀትን ኮሚሽን ሳይነካ ባንክ ያስገባ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ስልሳ ሞልቶት ሲወጣ ጡረታው ትንሽ ነበረች፤ ቤቱ ግን አልጎደለበትም።

ልጄ ለዘንድሮ ጥምቀት ከነቤተሰቡ እመጣለሁ ብሏል። የልጅ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷን የእግሯን ልክ በስልክ ብጠይቃት የጫማ ቁጥር ነገረችኝ። ክር ለክተሽ ላኪልኝ አልኳት፤ ግራ ገባት እንጂ እሺ አለች። ወደ ጎንደር በሚመጣ ዘመድ እጅ ትናንት ደረሰኝ። ከተራ ዕለት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሱቄ ዝግ ነው።