«ጾም ላይ ነኝ» እያለች ሰውነቷ አለቀ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የ20 ዓመት ታናሽ እህቴ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ስትመጣ ወፈር ብላ ነበር። እናታችንም አክስቶቻችንም «ግቢ ተስማማሽ» እያሉ ጉንጯን ሲቆነጥጡ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ዘንድሮ ለፋሲካ ስትመጣ ግን ደነገጥኩ። ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል። ፀጉሯ ይረግፋል። በዚያ ሙቀት ጃኬት አታወልቅም። የወር አበባዋ ከቆመ አራት ወር እንደሆነውም አምልጧት ነገረችኝ። ብዪ ስትባል መልሷ «ጾም ላይ ነኝ» ነው። ከጽጌ ጾም ጀምሮ እንዲሁ ናት፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላም አልተወችም። ቦርሳዋን ስበረብር የማቅጠኛ ሻይ አገኘሁና ተጣላን። አሁን ተመልሳ ግቢ ገብታለች፤ ስልኬን አታነሳም። እናቴ ደግሞ «ተያት፣ አማረባት፤ እንዲህ ያለው የፈረንጅ በሽታ ነው። ምግብ ብትጠላ ኖሮ ቀኑን ሙሉ የምግብ ቪዲዮ እያየች ለእኛ ወጥ ትሠራልን ነበር?» ትለኛለች። ሐምሌ ላይ የአክስታችን ልጅ ስታገባ ሚዜ ናት፤ ቀሚስም ልትለካ ነው። ምን ላድርግ? ለንስሐ አባቷ ልንገር?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የተተከለው አንድ መስመር ላይ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ አራት ወር ሆኖታል። ስለ ጠቡም፣ ስለ ሻዩም፣ ስለ ቀሚሱም እመጣበታለሁ። ይሄ ግን ይቅደም።

የሚገባው ምግብ ሲያንሰው ሰውነት ወጪውን ይቀንሳል። ቀድሞ የሚተወው ለዛሬ ሕይወት የማያስፈልገውን ነው፤ የወር አበባን፣ የፀጉርን እድገት፣ ሙቀትንም ጭምር። ጃኬቷን የማታወልቀው ለመደበቅ ብቻ ላይሆን ይችላል። በእውነት እየበረዳት ይሆናል። የአጥንትም ነገር አለ። በ20 ዓመት አጥንት ገና እየጠነከረ ነው፤ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲወርድ ይሳሳል። ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቀረ የወር አበባ መመርመር አለበት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ሐኪሙ እርግዝና አለመኖሩን ማረጋገጡ የተለመደ ነው፤ እሷ እንዳትሸማቀቅ፣ አንቺም እንዳትቆጪ። ደግሞ በእኛ አገር አንዲት ወጣት በጥቂት ወራት እንዲህ ስትከሳ ቲቢ፣ ስኳርና የታይሮይድ ችግር ሳይታዩ «የሥነ ልቦና ነው» ማለት አይገባም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኜም የምለው ይህንኑ ነው። የልብ ምቷ፣ ተኝታና ቆማ የደም ግፊቷ፣ የደም ማነስ ካለባት፣ በደሟ ውስጥ ያለው የፖታሲየም መጠን ይታይ። ሁሉም ነገር ደህና ነው ከተባለና የምትከሳው ባለመብላቷ ከሆነ፣ ያየሽው ሁሉ አኖሬክሲያ ወደሚባለው የአመጋገብ መታወክ ይጠቁማል። ያንን ስም ግን እኔ በደብዳቤ አልለጥፍባትም።

ፖታሲየሙን ያነሳሁት በሻዩ ምክንያት ነው። የማቅጠኛ ሻይ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ሰና መኪ ነው። ሰና ያስቀምጣል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ስቡ ካለበት አይነቃነቅም። ሚዛን ላይ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ሲደጋገም ግን ፖታሲየም ይወርዳል፤ እሱ ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። ራሷን ከሳተች፣ ልቧ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ካላት ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ቀጠሮ አትጠብቁ። በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትሂድ።

እናትሽ ደግሞ ነገሩ ሲገባት በአንድ ሳምንት ልታደልባት ትነሳ ይሆናል። እናቶችን አውቃለሁ። ለወራት የተራበ ሰው በአንዴ ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያሉ ማዕድናት በድንገት ይወርዳሉ፣ ይሄም ለሕይወት ያሰጋል። ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ክትትል ይሁን።

ወደ ጾሙ ልምጣ። ጾም ራሱ አላመማትም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ተልባና ሱፍ ያለበት የጾም ትሪ በደንብ ያጠግባል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና አርብ እንኳ አይጾምም። ከጽጌ ጾም የምትጀምር ልጅ ይህንን አታጣውም። በበዓለ ሃምሳ «ጾም ላይ ነኝ» ካለች፣ ቃሉ ጥያቄ ማስቆሚያ ሆኖላታል ማለት ነው። በሐበሻ ቤት የምትጾም ልጅ ትመሰገናለች እንጂ ማን ለምን ይላታል? ውሸታም ናት እያልኩሽ አይደለም። አንዳንዴ በእምነት ተጀምሮ መሃል ላይ ሚዛኑ ይረከበዋል። የቱ ላይ እንዳለች ራሷም ላታውቀው ትችላለች።

እናትሽ ያነሱት ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው ነው። ፊጂ የምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር አለች። እዚያም እንደ እኛ ሰው ሞላ ሲል ይመሰገናል፤ ብሉ ብሉ ይባላል። ናድሮጋ ወደሚባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አን ቤከር የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ በዚያው ዓመት የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ጠየቀች። በ1998 ደግሞ በዚያው ዕድሜ ያሉ ሌሎችን ጠየቀች። በመጀመሪያው ዙር ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። በሁለተኛው ከመቶ 11 ያህሉ እንደሚያደርጉት ተናገሩ። ይህ እንግዲህ ቲክቶክ ሳይመጣ፣ በቴሌቪዥን ዘመን ነው። እህትሽ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው።

ሁለተኛው «ምግብ ብትጠላ ወጥ ትሠራልን ነበር?» የሚለው ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ምግብ የሚታያት ስለተራበች ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945፣ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግብ ቀንሶ አጠናቸው። ሰዎቹ ከምግብ በቀር ወሬ ጠፋባቸው። የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመሩ ነበሩ። ያቺኑ ትንሽ ምግብ ለረጅም ሰዓት እየቆራረሱ ይበሏት ነበር። ይነጫነጫሉ፣ ከሰው ይሸሻሉ፣ ይበርዳቸዋል። አንዳቸውም ስለ ወገባቸው የተጨነቁ አልነበሩም፤ ይህን ሁሉ ያመጣው ረሃቡ ነው። ስለዚህ ስልክሽን የማታነሳዋን ልጅ እንደናቀችሽ አትቁጠሪያት። የተራበ ሰው ጠብ ይቀርበዋል።

«ግቢ ተስማማሽ» የሚለውን ግን እንዲሁ ላልፈው አልችልም። የእናትሽ ትውልድ ይህን የሚለው በፍቅር ነው። ልጅ ወፍራ መጣች ማለት አልተቸገረችም ማለት ነው፤ ልጁን ሩቅ ለላከ ወላጅ ከዚህ የሚበልጥ እፎይታ የለም። የሰማችው ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ ዶርም ውስጥ ስለ ወገብና ስለ ቦርጭ ሲወራ የከረመች ናት። ሳቁን እንደ ፍርድ ወሰደችው። ስትከሳ ደግሞ «አማረብሽ» ተባለች። ሁለቱንም ጊዜ ቀድሞ የታየው ሰውነቷ ነው። ትምህርቱ እንዴት ነው፣ ከማን ጋር ገጠምሽ ብሎ የጠየቃት ሰው መኖሩን ደብዳቤሽ አይነግረኝም።

ከዛሬ ጀምሮ ቤታችሁ ውስጥ የማንም ሰው ውፍረትና ክሳት ወሬ አይሁን። የጎረቤቷም፣ የሙሽራዋም፣ የራስሽ ቦርጭም ጭምር። ይከብዳል፤ ሰላምታችን ራሱ «ከሳሽ፣ ወፈርሽ» ነው። እናትሽን «በአንቺ ምክንያት ታመመች» ብለሽ አትክሰሻት፤ ያኔ ሙግት ብቻ ነው የሚተርፍሽ። «እማዬ፣ የወር አበባዋ ቆሟል» በያት። ይሄን የማይገባት እናት የለችም።

(በነገራችን ላይ በተቃራኒው የተጎዱም አሉ። «ሥጋ የላትም» ሲባሉ ኖረው ግቢ ሲገቡ ማወፈሪያ ኪኒን የሚውጡ ልጆች። ለዚህ ከሚወሰዱት አንዱ ዴክሳሜታዞን ነው። ፊትን ያሳብጣል፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ በድንገት ሲቆም ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። የወሰደች ካለች በራሷ ሳታቆም ሐኪም ታማክር።)

ቦርሳዋን መበርበርሽ ከጭንቀት እንደሆነ ይገባኛል። ግን አልነበረብሽም፤ ከዚያ በኋላ የምትደብቀው ብልጠት ጨምራ ነው። ስልክ ካላነሳች በቴሌግራም ጻፊላት፣ አጭር ይሁን። «ቦርሳሽን መክፈት አልነበረብኝም፣ ይቅርታ። ስለ ኪሎ አላወራሽም። የወር አበባሽ መቆሙ ግን አስፈርቶኛል። ሐኪም ጋ አብሬሽ ልሂድ፤ ወጪው በእኔ ነው።» ከይቅርታው ቀጥሎ «ግን አንቺም...» የሚል ነገር አይግባበት። ዝም ካለችሽ ከጥቂት ቀን በኋላ ስለ ሌላ ነገር ጻፊላት፣ የሰፈር ወሬም ቢሆን። ስትገናኙ ጉርሻዋን አትቁጠሪ። አብረሻት ብዪ፣ እያወራሽ።

ግቢ ውስጥ አንድ ነገር አጣሪ። ካፌ ነው የምትበላው ወይስ ኖን ካፌ ወጥታለች? ኖን ካፌ የሆነች ተማሪ ገንዘቧን በእጇ ትቀበላለች፤ ትብላ አትብላ የሚያያት የለም። ከዶርም ልጆች አንዷን ካወቅሻት ሰላይ አታድርጊያት። «ስትበሉ ጥሯት» ማለት ይበቃል። የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክና የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ለመጀመር ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ስትመጣ ደግሞ አማኑኤል ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ታገኛላችሁ። የአመጋገብ መታወክ በየቀኑ የሚያጋጥማቸው ባለሙያዎች ብዙ ስላልሆኑ ምልክቶቹን ከነጊዜያቸው ጽፋችሁ ግቡ። ሻዩም አይዘለል። አለዚያ «ጨጓራ ነው» ተብላችሁ ኦሜፕራዞል ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

የንስሐ አባቷ በጣም ሊረዱ ይችላሉ። የታመመ ሰው ጾሙ እንዲላላለት የሚፈቅዱት እሳቸው ናቸው፤ «ልጄ፣ ብዪ» ቢሏት ከእኔ አሥር ደብዳቤ ይበልጣል። ነገር ግን እሷ ሳታውቅ ቀድመሽ አትንገሪያቸው። አንዴ ቦርሳዋ ተከፍቶባታል። ሐኪም ካያት በኋላ «አባ ጋ አብረን እንሂድ?» ብለሽ ጠይቂያትና ራሷ ትንገራቸው። ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ ከዚያ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ቀሚሱን በተመለከተ ልብስ ሰፊውን ቀድመሽ ለብቻው አነጋግሪው። ሲለካት ቁጥሩን ጮክ ብሎ አይጥራ፣ ከሌሎቹ ሚዜዎችም ጋር አያወዳድራት። የመጨረሻውን ልክ ሰርጉ ሲቃረብ ይውሰድ፤ ጎንና ጎኑ ላይም ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተውበት። እስከ ሐምሌ መብላት ከጀመረች የቀሚሱ ወርድ ሊጨመርላት ይገባል።