ጥያቄና መልስ፦ ቫርኒሹ እየተላጠ ያስቸገረ ሰደፍ

ጥያቄ፦ ሰላም አቦ፣ እንዴት ነህ? ከድሬ ሳቢያን ነው የምጽፍልህ። ከአባቴ የወረስኩት ፈቃድ ያለው ሲሞኖቭ (የሶቭየት ጠመንጃ) አለኝ፣ ሰደፉ ወጥ እንጨት አይደለም፣ እንደ ኮምፔርሳቶ ስስ ስስ ሆኖ የተደራረበ ነው። ቅቡ ስላረጀ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ወፈር አርጌ ቀባሁት፣ መጀመሪያ ላይ ያብለጨልጭ ነበር፣ ከዛ ግን ጉንጭ የሚያርፍበት ጋ ይላጥ ጀመር፣ ኋላው ጋ ደግሞ እስካሁን እጅ ላይ ይጣበቃል። አባቴ በህይወት እያለ በመሳሪያ ዘይት ይወለውለው ነበር። አሁን ፍቄ ልድገመው ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍቀህ ብቻ ብትደግመው ያው ነው፣ ተመልሶ ይላጣል። ጥፋቱ የቫርኒሹ ሳይሆን ከስሩ ያለው ዘይት ነው። አባትህ ብረቱን ከዝገት ሊጠብቅ የቀባው ዘይት እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፣ የመሳሪያ ዘይት ደግሞ እንደ ተልባ ዘይት አይደርቅም፣ ስለዚህ ቫርኒሹ የሚይዘው ነገር የለውም። በዛ ላይ በየንብርብሩ መሀል ያለው ኮላ ምንም ነገር አይጠጣም። ሰደፉን ወደ ብርሃን አዘንብለህ እየው፣ እንጨቱ ደብዘዝ ብሎ ኮላው መስመር ላይ ቅቡ ከፍ ብሎ ካበጠ ወይም ትንንሽ ክብ ጉድጓድ ከሰራ ነገሩ ይሄው ነው።

ከሁሉ በፊት ጥይቱን አውጣ፣ አቀባብለህ ማጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥና ሰደፉን ከብረቱ ለየው። ከዛ ጥጥ አልኮል ነክረህ የማይታይ ቦታ ላይ ያዝበት። አሮጌው ቅብ ከሟሟና ከተጣበቀ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የሙጫ ቅብ) ነው ማለት ነው፣ የሶቭየት ሰደፎች ላይ ይሄ በብዛት አለ፣ እሱን በአልኮልና በጨርቅ ብቻ ታነሳዋለህ። አንተ የጨመርከውን ቫርኒሽ ግን አልኮል አይነካውም፣ የቀለም ማስለቀቂያ ይፈልጋል፣ ጓንት አድርገህ ውጪ ላይ ስራው።

ዘይቱን ለማውጣት የድሬ ፀሐይ ራሷ መድኃኒት ናት። የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሰህ ሰደፉ ላይ ለጥፈው፣ ከእሳትና ከሲጋራ አርቀህ ፀሐይ ላይ አውለው፣ እንጨቱ ሲሞቅ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣና ጠመኔው ይጠጣዋል፣ ቢጫ ሆኖ ታየዋለህ። አራግፈህ ድገመው፣ ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ ስታሽበት ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። እዚህ ጋ አትቸኩል፣ የሚመጣው ስራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት ስትጠቀም በ180 ቁጥር ጀምረህ በ220 ጨርስ፣ በጣም አትፈግፍግ፣ ምክንያቱም የተደራረበ እንጨት ላይ ጠርዙን ብዙ ከበላኸው መስመሩ ይዛባና ሌላ ሰደፍ ይመስላል። ብረቱ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ደግሞ ጭራሽ አታስነካ፣ ትንሽ ከላላ መሳሪያው መወዛወዝ ይጀምራል። ሲሞኖቭ ሰደፉ ላይ ቁጥር የተመታበት ብዙ ነው፣ ያን ቁጥር በምንም ምክንያት እንዳታጠፋው፣ ብረቱና እንጨቱ የአንድ መሳሪያ መሆናቸው የሚታየው በሱ ነው።

አሁን ወደ ቅቡ። አንድ አይነት የፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ ምረጥ፣ የመጀመሪያውን ጣሳው ላይ በተጻፈው ማቅጠኛ ግማሽ በግማሽ አቅጥነህ ክር በማይለቅ ጨርቅ ስስ አርገህ እሸው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ቢያንስ አንድ ቀን። ከዛ በ320 ቀስ ብለህ ዳስሰህ አቧራውን ጠርገህ ድገም። ሦስት አራት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፣ ያንተ ኋላው የሚጣበቀው ዘይቱ እንዳለ ሆኖ ወፍራም ስለቀባኸው ነው፣ ላዩ ቆዳ ይሰራል ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ስትቀባ ደግሞ እንደ ዘይቱ ፀሐይ ላይ አትውጣ፣ ላዩ ቶሎ ስለሚደርቅ አረፋ ያወጣል። ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ አቧራ በሌለበት ጥላ ውስጥ ስራ። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ከፍታው ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ክረምት ላይ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ እናንተ ጋ ሼላክ ለሚቀባ ሰው የሚያስቸግረው ቅቡ ነጣ ማለቱ ነው፣ ዝናብ ያለበት ቀን አትቀቡ፣ ማድረቂያውንም ረዘም አርጉት።

በተልባ ዘይት የሚሰሩ ሰዎች ይጠይቁኛል፣ ለወጥ እንጨት ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን ኮላው ስለማይጠጣው ቦታ ቦታ እየለየ ይቀራል። የምትጠቀሙ ከሆነ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንዳትጥሉ፣ በራሱ ሞቆ እሳት ይነሳል፣ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ሌላ አንባቢ ከሐረር፣ ንብርብሩ መያዣው ጋ ተላቋል፣ ቫርኒሽ ይይዘዋል ወይ ላለኝ፦ አይይዘውም። ስንጥቁ ንጹህ ከሆነ ቀጠን ያለ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ውስጡ አስገብተህ በሞርሳ ጥብቅ አርገህ አሳድረው። ስንጥቁ አንገቱን አልፎ ከሄደ ግን እስኪጠገን ድረስ አትተኩስበት፣ ሰደፉ ተሰብሮ ፊትህን ሊጎዳህ ይችላል።